የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ውሃውን በጎማው አላወርድ ሲል

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሌሎቹ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ ቤዝመንት ተከራይቶ የሚኖር ወይም ዕቃውን ቤዝመንት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው የሙቀቱ ወራት ሲጀምሩ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ከውጭ የሚገባው ሞቃትና እርጥበት የተሸከመ አየር ከመሬት በታች ያለውን ቀዝቃዛ ግድግዳና ወለል ሲነካ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ የተሸከመውን ውሃ ሁሉ ሊይዝ ስለማይችል ካርቶኑ ይረጥባል፣ ልብሱ ይሸታል፣ የግድግዳው ጥግ ሻጋታ ያወጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችን ዲሂዩሚዲፋየር ብለን የምንጠራውን የእርጥበት መምጠጫ ማሽን የምንገዛውም ለዚሁ ነው።

እኔ ጉዳዩን በትኩረት መከታተል የጀመርሁት እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝ በርበሬ በቤዝመንቴ መደርደሪያ ላይ ከሻገተ በኋላ ነው። ማሽን ገዛሁ፣ ውሃውን በቀጥታ ወደ ፍሳሽ እንዲያወርድ ጎማ ገጠምሁለት፣ ከዚያም ለሦስት ቀን ለሠርግ ወደ ሌላ ከተማ ሄድሁ። ስመለስ በማሽኑ ውስጥ ያለው የውሃ መቀበያ ባልዲ ሞልቶ፣ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ፣ የጎማው መውጫ ጫፍ ግን ደረቅ ሆኖ ጠበቀኝ። በገበያ ላይ የተለመደው 50 ፓይንት የሚባለው ማሽን በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 24 ሊትር የሚጠጋ ውሃ የማውጣት አቅም አለው፤ የብዙዎቹ ባልዲ ግን የሚይዘው ከ6 እስከ 8 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እርጥበት በበረታበት ቀን ጎማው ካልሠራ ባልዲው ከግማሽ ቀን በታች በሆነ ጊዜ ሊሞላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቆሞ ቤቱ ተመልሶ ይረጥባል። የእኔ ቤት ቢያንስ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ማሽን ቆይቷል ማለት ነው።

ጥገናውን ከመጀመር በፊት ውሃው በማሽኑ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መንገዱን ያወቀ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ስቦ በኮምፕረሰር በቀዘቀዘ የብረት ቱቦ ላይ ያሳልፈዋል። በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ እንደሚወርደው ላብ ሁሉ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ውሃ በዚህ ቱቦ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ጠብታው ከሥር በተዘረጋ የመቀበያ ሳህን ላይ ይሰበሰባል፤ ከሳህኑ በጠባብ ቀዳዳ ወይ ወደ ባልዲው ይወርዳል፣ ወይም ጎማ በተገጠመበት አፍ በኩል ወደ ውጭ ይሄዳል። ፓምፕ በሌለው ማሽን ላይ ከዚህ ሳህን ጀምሮ ውሃውን የሚገፋው ኃይል የለም። የሚሄደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። የመውጫው አፍ በብዙ ማሽኖች ላይ ከወለሉ ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ለውሃው መውረጃ የሚሆነው ከፍታ በጣም ትንሽ ነው። ትንሽ እብጠት፣ ትንሽ ቆሻሻ ወይም ትንሽ መንጋደድ ፍሰቱን ለማቆም የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሽኑን ከመንካትዎ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉ። በቁልፉ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ እጅዎን ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው ወዳሉበት ቦታ ሊያስገቡ ነው። ማሽኑ አሮጌ ከሆነ ከኋላው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አንብበው በአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ይፈትሹ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ የንግድ ስም የተሸጡ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ማሽኖች በእሳት አደጋ ስጋት ከአገልግሎት እንዲወጡ ተደርጓል፤ ከእነዚያ መካከል አንዳንዶቹ ዛሬም ሁለተኛ እጅ ሲሸጡ ሊገኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ማሽን ከሆነ ጎማውን ማስተካከል ትርጉም የለውም፤ ከቤት ማውጣት ነው የሚሻለው።

አሁን ችግሩ ጎማው ላይ ይሁን ማሽኑ ላይ የሚለይ አንድ ሙከራ እናድርግ። እኔ ይህን ሙከራ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አይባክንብኝም ነበር። ባልዲውን ባዶ አድርገው መልሰው ያስገቡ። ማሽኑን ከሌላ ሰው ጋር ሆነው፣ ሳያዘነብሉ፣ በማይነቃነቅ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ወይም በጠንካራ ሣጥን ላይ ያስቀምጡት። ጎማውን ከሩቁ ጫፍ አንሥተው ከማሽኑ አፍ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲንጠለጠልና ጫፉ በባዶ ሳፋ ውስጥ፣ የሳፋውን ታች ሳይነካ፣ እንዲሆን ያድርጉ። ከዚያ ስፒናውን ሰክተው፣ የእርጥበቱን መጠን ዝቅተኛው ቁጥር ላይ አድርገው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያሠሩት። ከሦስቱ አንዱ ይሆናል። ውሃው ወደ ሳፋው ከወረደ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ጎማው ወለል ላይ በተዘረጋበት መንገድ ነው። ሳፋው ደርቆ ባልዲው ውሃ ከያዘ ጥፋቱ መጋጠሚያው ወይም የመውጫው አፍ ላይ ነው። ሁለቱም ከደረቁ ማሽኑ መጀመሪያውኑ ውሃ አላወጣም፤ ጎማውን መወንጀል ይቁም።

የመጀመሪያው ውጤት ከሁሉ ይበልጥ ይታያል፤ የእኔም ይኸው ነበር። ጎማዬ ከማሽኑ ወጥቶ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የወለል ፍሳሽ ቀዳዳ ሲሄድ የክፍሉን የበር ደፍ ይሻገር ነበር። ደፉ ከአራት ጣት አይበልጥም፤ ዓይን አይሞላም። ውሃው ግን ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ስለሆነ በጎማው ውስጥ የታፈነውን አየር ገፍቶ ደፉን መሻገር አልቻለም፤ ከደፉ በፊት ባለው ዝቅ ያለ ቦታ ተከማችቶ ወደ ማሽኑ ተመለሰና ወደ ባልዲው ፈሰሰ። ስለዚህ ጎማው ከማሽኑ አፍ እስከ ጫፉ ድረስ በየትም ቦታ መልሶ መውጣት የለበትም። ለእያንዳንዱ ሜትር ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይስጡት፤ ማሽኑን በጠንካራ ሣጥን ላይ ማስቀመጥ ይህን ዝቅታ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ነው። ከሣጥኑ በላይ የሚያሳስብዎ ነገር ማሽኑ እንዳይወድቅ ብቻ ይሁን፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

ጎማው ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ከሆነ ትርፉን ጠቅልሎ ከማሽኑ ጀርባ ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ጥቅል አንድ ኮረብታና አንድ ሸለቆ ነው፤ በሸለቆው ውሃ ይቀመጣል፣ በኮረብታው አየር ይታፈናል፣ በሁለቱ መካከል ቀስ ብሎ የሚንጠባጠበው ውሃ ማለፊያ ያጣል። ትርፉን በስለት መቁረጥ ይሻላል፤ ለአትክልት ማጠጫ የሚሸጠው ጎማ ርካሽ ነው። አዲስ ጎማ ከመጠቅለያው ሲወጣ ቅርጹን ይዞ ስለሚቆይ አልዘረጋ ካለዎት ፀሐይ ላይ ዘርግተው ወይም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክረው ያለስልሱት። በማሽኑና በግድግዳው መካከል ደግሞ ጎማው ሳይታጠፍ የሚዞርበት ክፍተት ይተዉ፤ ማሽኑን ወደ ግድግዳ ገፋ ሲያደርጉት ጎማው ከአፉ ሥር ታጥፎ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህ እጥፋት ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም።

የጎማው ጫፍም የራሱ ሕግ አለው። ጫፉ ውሃ ውስጥ ከተነከረ፣ ለምሳሌ ሳምፕ ፓምፕ (ከቤዝመንት ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚያወጣው ፓምፕ) በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ከውሃው በታች ከወረደ፣ በጎማው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና ፍሰቱ ይቆማል። ጫፉን ከውሃው በላይ በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ያንጠልጥሉት። ወደ ፍሳሽ ቧንቧ የሚያስገቡት ከሆነም በጎማውና በቧንቧው አፍ መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወይም በማጣበቂያ አይድፈኑት። ክፍተቱ አየር ያስወጣል፤ የቆሸሸ ውሃም ወደ ጎማው እንዳይመለስ ይረዳል። ጎማው ራሱ በውስጡ እንዳልተዘጋ ለማረጋገጥ ከማሽኑ ፈትተው፣ ማሽኑ ላይ ታስሮ የነበረውን ጫፍ በመውጫው አፍ ከፍታ ይዘው፣ በጆግ ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ አድርገው ያፍስሱበት፤ ውሃው ወዲያው በሌላው ጫፍ ካልወጣ ጎማው ተዘግቷል ወይም አሁንም የሆነ ቦታ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው ውጤት፣ ማለትም ጎማው ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ እያለ ውሃው ባልዲውን የሚመርጥበት፣ ወደ መጋጠሚያው ይወስደናል። አዲስ ማሽን ከሆነ በመጀመሪያ መውጫው አፍ ላይ የሚገኘው የጎማ ወይም የፕላስቲክ መክደኛ መነሣቱን ይመልከቱ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ቀዳዳው ከፋብሪካ ሲወጣ በቀጭን ፕላስቲክ የተደፈነ ሲሆን በካቻቢቴ ቀስ ብሎ መከፈት አለበት። በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ጎማው የሚታሰረው ከውጭ ሳይሆን በጀርባው ቀዳዳ አልፎ በባልዲው ክፍል ውስጥ ካለው አፍ ጋር ነው፤ እዚያ ድረስ ሳይደርስ ውጭ ላይ ብቻ የተሰካ ጎማ የታሰረ ቢመስልም አንዲት ጠብታ አያገኝም። ባልዲውን አውጥተው በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ማየት ይህን በደቂቃ ውስጥ ይለያል።

የሚጠመዘዘው የመጋጠሚያው ጥርስ ተጣሞ የታሰረ ጎማም ውሃውን ከፊሉን ወደ ጎማው፣ ከፊሉን ወደ ባልዲው ይልካል። ፈትተው እንደገና ይጀምሩ፤ መጀመሪያ ወደ ግራ ትንሽ አዙረው ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ ይሰማዎታል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ያለምንም ትግል መዞር አለበት። በእጅ ማጥበቅ በቂ ነው። ፒንሳ አይጠቀሙ፤ አፉ ፕላስቲክ ስለሆነ ከተሰነጠቀ ጥገናው ከባድ ነው። በጎማው ራስ ውስጥ ያለችው ክብ የጎማ ቀለበት መኖሯንም ያረጋግጡ፤ በዚህ ዓይነት መጋጠሚያ ላይ ውሃ የምትይዘው ቀለበቷ እንጂ ጥርሱ ስላልሆነ ቴፍሎን መጠቅለል የቀለበቷን ቦታ አይተካም። ከማሽኑ ጀርባ ወለሉ ላይ ትንሽ ኩሬ ካዩ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋችው ይህች ቀለበት ናት።

መጋጠሚያው ትክክል ሆኖ ሳለ አሁንም ካልሠራ የሳህኑ ቀዳዳ ተዘግቷል። ይህ በተለይ ለሁለትና ለሦስት ዓመት በሙቀት ወራት ባገለገሉ ማሽኖች ላይ ይደርሳል። አየሩ የሚያመጣው አቧራ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነው ሳህን ላይ ያርፋል፤ በላዩ ሻጋታና ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ፤ ውሎ አድሮ በጠላ ጋን ሥር እንደሚቀር አተላ ወፍራም፣ የሚያሟልጭ ዝቃጭ ይሆንና ጠባቡን ቀዳዳ ይደፍናል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ። ስፒናውን ይንቀሉ፣ ባልዲውን ያውጡ፣ ጎማውን ይፍቱ። በቀጭን የጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ ወይም ጫፉ በታጠፈ ለስላሳ ሽቦ ከመውጫው አፍ ወደ ውስጥ ቀስ እያሉ ያጽዱ፤ ጫፉ የታጠፈ የሚሆነው የሚወጋ እንዳይሆንና ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ እንዳይበሳ ነው። ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ግን እርጥብ ነገር የሚስብ የወርክሾፕ ቫኩም ነው፤ የቫኩሙን አፍ ከመውጫው አፍ ጋር ገጥመው ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ከከበቡና አንድ ሁለት ደቂቃ ካሠሩት ዝቃጩ ራሱ ተስቦ ይወጣል። አየር በኃይል ወደ ውስጥ መንፋትን አልመክርም፤ በውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ከቦታቸው ሊለቁ ይችላሉ።

ዝቃጩ ከወጣ በኋላ እኩል የተደባለቀ አቼቶና ለብ ያለ ውሃ በቀዳዳው አሳልፎ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መተውና በንጹሕ ውሃ ማጠብ ሽታውንም ይቀንሳል። አቼቶውን በብረት ቱቦውና በዙሪያው ባሉት ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ላይ አያፍስሱት፤ ይበላቸዋል። በረኪናና አቼቶ ደግሞ በምንም መንገድ አንድ ላይ አይደባልቁ፤ ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው፣ ቤዝመንት ደግሞ አየር እንደ ልብ የማይዘዋወርበት ቦታ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው በቤታችን ለጽዳት በረኪና የማይነካው ነገር ስለሌለ ነው።

ማሽኑ የቆመበት ወለል ሚዛንም መታየት አለበት። ብዙ የቤዝመንት ወለል ሆን ተብሎ ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው እንዲያዘነብል ተደርጎ ይሠራል። ማሽኑ ወደ ፊት ካዘነበለ ሳህኑ ላይ ያለው ውሃ ከኋላ ወዳለው አፍ ከመሄድ ይልቅ ወደ ባልዲው ይፈሳል። ውሃ ልክ ካለዎት በማሽኑ ራስ ላይ ያድርጉት፤ ከሌለዎት ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ቀጥ ያለ ብርጭቆ ያገለግላል። ዝቅ ባለው በኩል ቀጭን ጣውላ አስገብተው ያስተካክሉ፤ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ማዘንበል ግን የባልዲውን ተንሳፋፊ፣ ማለትም ባልዲው ሲሞላ ከውሃው ጋር ከፍ ብሎ ማሽኑን የሚያቆመውን ክፍል፣ ሥራ ያዛባል።

ስለ ባልዲው አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎማ ስለተገጠመ ባልዲው አያስፈልግም ብለው የሚያወጡት ሰዎች አሉ። አብዛኛዎቹ ማሽኖች ባልዲው በቦታው ካልተቀመጠ አይሠሩም። ተንሳፋፊው ተጣብቆ ባዶውን ባልዲ ሞልቷል ብሎ ካመለከተም ማሽኑ ይቆማል፤ ተንሳፋፊውን በእጅ ከፍ ዝቅ አድርጎ በነጻነት መንቀሳቀሱን ማየት ይበቃል።

ሦስተኛው ውጤት ውሃ በየትም በኩል አለመውጣቱ ነው። ምናልባት ክፍሉ ቀድሞውኑ ደርቆ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ይሆናል፤ በርካሽ የሚገኝ የእርጥበት መለኪያ ለብቻው ገዝቶ ማነጻጸር ጥሩ ነው። ክፍሉ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከቀዘቀዘ ደግሞ በብዙ ማሽኖች የብረት ቱቦ ላይ ውሃው በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ ማጣሪያውን አውጥተው ሲመለከቱ በረዶ ካዩ አጥፍተው ራሱ እንዲቀልጥ ይተዉት፣ በቢላዋ አይፋቁት። የቆሸሸ ማጣሪያም ያንኑ በረዶ ያመጣል፤ በሙቀት ወራት በየሁለት ሳምንቱ በለብ ውሃ ይታጠብ። ማራገቢያው እየሠራ የሚወጣው አየር ግን ከክፍሉ አየር ትንሽ እንኳ ካልሞቀ ኮምፕረሰሩ አይሠራም ወይም ማቀዝቀዣ ጋዙ አልቋል። ያኔ ዋስትናው እንዳለ ይጠይቁ፤ ዋስትናው ካለፈ ጋዝ ማስሞላት ብዙውን ጊዜ ከአዲስ ማሽን ዋጋ ጋር ስለሚቀራረብ እኔ አላስጠግንም።

ፓምፕ ያለው ማሽን የተለየ ነው። በቀጭኑ ቱቦ ውሃውን ወደ ላይ፣ በብዙ ሞዴሎች እስከ 4.5 ሜትር ድረስ፣ መግፋት ይችላል፤ ሆኖም ፓምፑ የሚነሣው ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ የተወሰነ ከፍታ ሲደርስ ነውና ባልዲው ውስጥ ውሃ ማየት ብቻውን ብልሽት አይደለም። የፓምፑ ቁልፍ መብራቱን፣ ቱቦው «ቀጭ» የሚል ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ መገፋቱንና በመስኮት ሲያልፍ አለመጨፍለቁን ያረጋግጡ። ፓምፕ በሌለው ማሽን ላይ የወለል ፍሳሽ ቀዳዳ ከሌለዎትና ውሃውን ወደ ላይ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ማውጣት ካለብዎት ጎማውን ከፍ ለማድረግ አይታገሉ፤ ለአየር ማቀዝቀዣ የሚሸጠውን አነስተኛ የውሃ ፓምፕ ገዝተው በጎማው ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ውሃውን የት እንደሚያወርዱ ከአከራይዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

ሁሉም ተስተካክሎ ውሃው በጎማው መውረድ ከጀመረ በኋላ ወዲያው ትተውት አይሂዱ። ለመጀመሪያው ሙሉ ቀን በየጥቂት ሰዓቱ ባልዲውን ይመልከቱ፤ ጎማው በትክክል ሲሠራ ፓምፕ በሌለው ማሽን ላይ ባልዲው ደረቅ ወይም ከጥቂት ጠብታ ያልበለጠ ሆኖ ይገኛል። እኔ ከዚያ ሠርግ ወዲህ ከከተማ ልወጣ ስል ማታውኑ ባልዲውን አድርቄ አስገባለሁ፤ ጠዋት ደረቅ ሆኖ ካገኘሁት ብቻ በሩን ቆልፌ እወጣለሁ።